ያን ክረምት ጎደሬውን ጥሬ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይጻፍልኝ። ያን ክረምት በአማቶቼ ቤት ለእንግዳ የቀረበውን ጎደሬ ጥሬ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የእኔ ጎደሬ በስሎ ነበር። በስንጥር ወግቼ አይቼዋለሁ። በዚህ ነገር ተበድያለሁ፤ በደሉም የአንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ስናገረው ኖሬአለሁ። የመጨረሻው ልጄ «እማዬ፣ የድሮ ጎደሬ አሁን ምን ያደርግልሻል?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ የተወለደው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ታላላቆቹ ግን አይስቁም፤ እናታቸው ምግብ በቀረበ ቁጥር በሰው ፊት ቆማ ስትፈተን እያዩ ነው ያደጉት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የራሴን ስም ለማጽዳት ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ነገሩን የቀሰቀሰው የዘንድሮ ክረምት ነው። ዲላ ገበያ ወርጄ፣ አንዲት ከጪጩ በኩል የመጣች ሴት ጎደሬ በእንሰት ቅጠል ላይ ዘርግታ አየሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጭቃው ከጎደሬው አልተራገፈም፤ ያ የእርጥብ አፈርና የተቆረጠ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ይኸው ስንት ልጅ ወልጄ፣ ስንት ድግስ ደግሼ፣ ጎደሬ ስመርጥ እስከ ዛሬ እያንዳንዱን ሦስቴ አገላብጣለሁ። ዋጋውን ጠየቅኋት። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ እንደገና ያመኛል። በእኛ ጊዜ በአሥር ሳንቲም የተገዛ ጎደሬ ቤተሰቡን አጥግቦ ለማግስቱ ቁርስ ይተርፍ ነበር። አንድ እቅፍ ጎመን አምስት ሳንቲም ነው፤ ያውም ሻጯ ቃሪያ መርቃበት። እናቴ ስሙኒ ይዛ ገበያ ወጥታ ዘንቢሉን ብቻዋን መመለስ ያቅታት ስለነበር አንዱን ጆሮ እኔ እይዝላታለሁ። እሷ ረጅም እኔ አጭር ስለሆንን ዘንቢሉ ወደ እኔ ያዘነብላል፤ ቤት እስክንደርስ የጎመኑ ውኃ ቀሚሴን ያበሰብሰዋል።

አባቴ ከሰሜን መጥቶ ዲላ የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሲሰፋ ይውላል። የሱቁ በር ላይ ናይለን ሻርፖች ተሰቅለው ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። አንዷ ውኃ ሰማያዊ ነበረች፤ ሁለት ብር ተኩል ነው ዋጋዋ፤ ዓመት ሙሉ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር አለች ወይስ ተሸጠች ብዬ ልቤ ይመታ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ቤት ሸክላ ያጫውታል። ሸክላው ያረጀ ስለነበር መርፌው አንድ ቦታ ይያዝና ዘፋኟ ያንኑ ቃል ትደጋግመዋለች፤ አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛውን በእጇ እስክትመታው ድረስ አባቴም እግሩን ከመኪናው ላይ አንስቶ ይጠብቃል። ክረምት ሲሆን ቡና የጫኑት መኪናዎች ጭቃው ይይዛቸውና ተሳፋሪው ከተማው ውስጥ ያድራል፤ እናቴ ያን ጊዜ የተቀቀለ በቆሎ ትሸጣለች። በእሷ ቤት ክረምት የጥጋብ ጊዜ ነበር። ጎመን በእጇ ትቀነጥሳለች እንጂ ቢላ አታስነካውም፤ «ብረት ብረት ይለኛል» ትላለች። ዱባውን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በራሱ ውኃ ታበስለዋለች። ቦሎቄውን ገና ሳይደርቅ ከእሸቱ ፈልፍላ ከበቆሎ ጋር ትቀቅላለች። እናቴ የጌዴኦ ልጅ ስለነበረች ቆጮም ጎደሬም ከእሷ ነው የተማርኩት። «ድንች ጥሬውን ብትበዪ ሆድሽን ይነፋሻል» ትለኝ ነበር፤ «ጎደሬ ጥሬውን ከበላሽ ግን ጉሮሮ ይይዛል። ድንች ይቅር ይላል፣ ጎደሬ ይቅር አይልም።»

በቀለን ሳገባ ከከተማ ወጥቼ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ፣ ከቡናና ከእንሰት መሐል ገባሁ። አባቱ አባባ ጅግሶ ረጅም፣ ንግግራቸው ትንሽ፣ ጸሎታቸው ብዙ ሰው ነበሩ። ካኪ ኮታቸውን ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ይለብሳሉ። አማቴን እማማ እላቸዋለሁ፤ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን እንግዳ ፊት እንዳይዋረዱ የሚፈሩትን ያህል እግዚአብሔርንም የሚፈሩ አይመስለኝም። የበቀለ ታላቅ እህት አየለች ደግሞ ከባሏ ጋር እዚያው አጠገብ ትኖር ነበር። ገና ከመግባቴ እጄን አገላብጣ አየችና፣ «ይቺ እጅ መርፌ እንጂ ፍልጥ አታውቅም» አለች። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚያ ቤት ሁለት ወግ ነበር፤ ሁለቱም ለዚህ ነገር ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ አዲስ ሙሽራ የጫጉላ ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ሥራ ስትወጣ ለባሏ ቤተ ዘመድ ሙሉ ማዕድ ብቻዋን ትሠራለች። ከጨው በቀር ከገበያ ምንም አይገዛም፤ ጓሮው በሰጣት ብቻ ነው። ማንም አያግዛትም፤ ቢያግዛት የእሷ ማዕድ አይባልም። ሁለተኛው፣ ወንድ ማጀት አይገባም። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ በዚያ በኩል እንኳ አያልፍም። የተጣደ ማሰሮ ክዳን ያነሳ ወንድ ደግሞ አለቀለት። ከእኛ በላይ የሚኖር አንድ ጎረቤት በወጣትነቱ ርቦት አንድ ቀን ክዳን አንስቷል አሉ፤ ሽማግሌ ሆኖ፣ ልጅ ድሮ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ክዳን አንሺው» ይሉት ነበር።

የእኔ ቀን የዋለው ክረምቱ ሲበረታ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው የነጋው። ጓሮውን ቀደም ብዬ ስዞረው ሰንብቻለሁ፤ የቱ ዱባ እንደደረሰ፣ የትኛው በቆሎ ጥርሱ እንደሞላ አውቃለሁ። ቤቱ ሥር ካምና የተተከለ ጎደሬ ነበር፤ እሱን ቆፈርኩ። ጅረቱ ዳር ሌላ ጎደሬ ነበር፤ እሱን ግን አልነካሁትም፤ ውኃ ሲጠጣ የከረመ ስለሆነ እሳት ላይ ግማሽ ቀን ቢውልም አይበስልም። እጄን ቅቤ ቀብቼ ላጥኩ፤ ያለዚያ ያሳክካል። በእኩል በእኩል ቆርጬ በትልቁ ማሰሮ ጣድኩት፤ ጎመኑን በሌላው ማሰሮ፤ ዳጣውን ከአረንጓዴ ቃሪያና ከዝንጅብል ፈጨሁ፤ ቆጮውን አበሰልኩ፤ እሸቱን ለመጨረሻ አቆየሁ። የተጠሩት የባለቤቴ ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው፣ አየለችና ባሏ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አቶ ወልዴ ናቸው። በልኩ ነበር የሠራሁት።

ከቀትር በኋላ ግን ከወንዙ ማዶ ለመቅበር የሚሄዱ ሰዎች ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አላቸውና፣ ቅርብ ያገኙት ቤት የእኛ ሆነ። ኮባ ቅጠል ደርበው፣ ጭቃ ለብሰው ተራ በተራ ገቡ። በዚያ አገር በዝናብ የመጣን ሰው ተመለስ የሚል የለም። እማማ ማጀቱን ከሚከልለው መጋረጃ ጀርባ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ሙሽሪት፣ ቤቱ ሞላ። ይበቃል?»

«ይበቃል እማማ» አልኩ።

«ባይበቃ ከተማ ትሄድና ዳቦ ትገዛልናለች» አለች አየለች። «አባቷ ሱቅ በር ላይ አይደል የሚሰፋው?»

ጎደሬውን በስንጥር ወጋሁት፤ ያለ አንዳች ትግል ገባ። ፍልጡን ጎተት አድርጌ እሳቱን አበረድኩና ክዳኑን ገጠምኩ። ማሰሮው ግማሽ ያህል ነበር። ያልኩት ይህን ነው፦ ጎደሬውን ትንሽ ትንሽ እሰጣለሁ፣ ጎመንና ዱባ እጨምራለሁ፣ እሸቱን ሁሉ እቀቅላለሁ፣ ማንም ባዶ ሆዱን አይወጣም። ቅርጫት ይዤ፣ ራሴ ላይ ቅጠል ጥዬ ወደ ጓሮው ጫፍ ሮጥኩ። ዝናቡ ዓይን አያስገልጥም። ጎመኑን ስቀነጥስ «ቶሎ፣ ቶሎ» እላለሁ። ዱባ አንስቼ ወደቀብኝ፤ ተንከባሎ ቡናው ሥር ገባ፤ ተከትዬው በእንብርክኬ ገባሁ።

ስመለስ እማማና አየለች ጎደሬውን በገበታ አውጥተው ጨርሰዋል።

«እንዴ! ሳልመጣ?» አልኩ።

«ሰው ተራበ፣ ምን እናድርግ!» አሉ እማማ።

«ማሰሮሽ ደግሞ በረከት አለው» አለች አየለች እየወጣች፤ «እስከ አፉ ሞልቶ ነው ያገኘነው።»

ስትቀልድብኝ መሰለኝ። ጎመኑን ማጠብ ጀመርኩ።

ከመጋረጃው ማዶ አቶ ወልዴ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ ዝም አለ፤ የራበው ሰው ሲበላ ያለው ዝምታ። ልቤ ትንሽ አረፍ አለ። ቀጥሎ አንድ ሰው ሳለ። ሁለተኛው ሳለ። አንዷ ለቀስተኛ «ውኃ! ውኃ!» አለች። መጋረጃውን ገልጬ ሳይ አባባ ጅግሶ ጉሮሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሥተዋል። የቤቱ ጌታ ስለሆኑ ትልልቁን ቁራጭ ለእሳቸው ነበር የመረጡላቸው። ከንፈራቸው አበጠ፤ ምላሳቸው አፋቸውን ሞላው፤ ትንፋሻቸው ፉጨት ሆነ። «አባቴን ገደለችው!» ብላ አየለች ጮኸች። ወተት ይምጣ፣ ማር ይምጣ፣ ቅቤ ይምጣ ተባለ። ከለቀስተኞቹ መሐል አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መርዝ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ እኔ የበላሁት እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው» ቢሉም ማንም ዞሮ አላያቸውም። እኔ አየኋቸው። በቀለን በዓይኔ ፈለግሁት፤ በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል፤ ወደ እኔ አልዞረም። ደንግጦ ነው አልኩ።

ወደ ማሰሮው ተመለስኩና የቀረውን ባየው፣ አንድ ትልቅ ቁራጭ አገኘሁ፤ በገጀራ በአግድም የተመታ፣ ባንድ ጎኑ ልጣጩ ያልተነሳ፣ ውስጡ ድንጋይ። የእኔ አልነበረም። ይዤው ወንዶቹ ዘንድ ወጣሁ።

«ይህን እዩልኝ» አልኩ። «እኔ እንዲህ አልቆርጥም። ከአንድ ማሰሮ ወጥቶ ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ እንዴት ይሆናል? ሰው ጨምሮበታል።»

«ማን ነው የጨመረው?» አሉ እማማ። «ሰው ሁሉ እዚህ ነው። ብቻሽን አይደለም የሠራሽው? ወጉ ብቻሽን ነው።»

ቁራጩን ከእጄ ነጥቀው ዝናቡ ውስጥ ወረወሩት።

ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወደ አባቴም መላክ፣ እኔም መሄድ አልቻልኩም። አባባ ቢሞቱ ምን እንደምሆን እያሰብኩ ማጀት ውስጥ ተቀመጥኩ። እያንዳንዷን የትንፋሻቸውን ፉጨት አዳመጥኩ፤ ሲቆም ተነሥቼ እቆማለሁ፣ ሲቀጥል እቀመጣለሁ። በማግስቱ እብጠቱ ጎደለ። ድምፅ ሲያገኙ መጀመሪያ ያሉት፣ «ያቺን ልጅ ጥሯት» ነው። አቶ ወልዴም ነበሩ። ተነጋገሩና ፈረዱ። ሆነ ብላ አይደለም፣ ችላ ብላ ነው፤ ስለዚህ ወደ አባቷ አትመለስም። ከእንግዲህ ግን የሠራችውን ሁሉ ከሁሉ በፊት፣ በሁሉ ፊት ቆማ ትቀምሳለች፤ ጠብቀን፣ ደህና መሆኗን አይተን እንበላለን።

«ምሕረት ነው፣ አመስግኚ» አሉኝ አቶ ወልዴ።

«ያላጠፋሁትን ይቅር አትበሉኝ» አልኩ። «ማን እንዳጠፋ ፈልጉ።»

አቶ ወልዴ ሳቁ። «ጎደሬው እንኳ በስሎ ይሆናል» አሉ፤ «ጥሬ የቀረው ምላሷ ነው።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ክረምቶች እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሌላው ሰው ክረምትን የሚወደው እሸት ስለሚበላበት ነው። ነጎድጓድ ባጉረመረመ ማግስት እንሰቱ ሥር እንጉዳይ ብቅ ሲል ልጆቹ እየጮሁ ይለቅሙታል፤ በቅቤ ሲጠበስ ሽታው ደጅ ድረስ ይወጣል። እኔ ግን የእንጉዳዩን ጥላ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ፣ አሽትቼ፣ በፀሐይ አይቼ፣ የተጠራጠርኩትን ግማሹን እጥል ነበር። አናናስ እንኳ ስልጥ ስምንት ጊዜ አስቤ ነው። የዱባው ውስጥ መረረ እንዴ? ቦሎቄው አንድ ፍሬ ጥሬ ቀርቶበት ይሆን? ሁሉም በገበታው ዙሪያ ይቀመጣል፤ ወጡ ይተንናል፤ አባባ «ቅመሺ» ይላሉ። እቀምሳለሁ። ቆሜ እጠብቃለሁ። ያዩኛል፤ ጉሮሮዬን ያያሉ። ከዚያ ይበላሉ። ሲበሉ ደግሞ እኔ እነሱን አያለሁ፤ ሰው ጉንፋን ይዞት ቢስል እንኳ ውኃ ይዤ እሮጣለሁ። ከማዕዱ ጋር ተቀምጬ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም፤ የምግቤ ጣዕም ምን እንደሚመስል የሰማሁት ከሰው ነው። «እጇ ይጣፍጣል» ይላሉ፤ ቀጥለው «ቅመሺ» ይላሉ። አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ይህን ያየ ቀን፣ ምንም ሳይናገር የያዘውን እንጎቻ አስቀምጦ ውኃ ብቻ ጠጣ። ሲሄድ ያቺን ውኃ ሰማያዊ ሻርፕ በወረቀት ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። ለብሻት አላውቅም፤ ባየኋት ቁጥር የአባቴ ፊት ነው የሚመጣብኝ።

ትልቋ ልጄ ነፍስ ስታውቅ አንድ ቀን በሁሉ ፊት፣ «እማዬ፣ አንቺ ለምንድን ነው እንደ ድመት ቆመሽ የምትቀምሺው?» አለች። ያን ዕለት አልቻልኩም። በቀጥታ ወደ አየለች ቤት ሄድኩ። በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

«እትዬ አየለች፣ በልጆችሽ ስም፣ ያን ቀን ማሰሮዬ ውስጥ ጎደሬ ጨምረሻል?»

«እኔ?» አለች። «ለአንቺ ጎደሬ ልቆፍር? በዚያ ዝናብ? ለራሴም አልቆፍር!»

«በልጆችሽ ስም በይ።»

«በልጆቼ ስም። አውጪ አሉኝ፣ አወጣሁ። ሌላ አላውቅም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሴትዮ፣ አንቺ እኮ ስትሞቺም ይህን ጎደሬ ይዘሽ ነው የምትቀበሪው» አለች።

አመንኳት፤ አላመንኳትም። ያላየሁትን አልናገርም ብዬ በስሟ ለማንም አላነሳሁም። እማማንም ጠይቄአለሁ፤ ማሉ። አባባ ሲሞቱ «ቅመሺ» የሚለኝ ቀረ፤ ነገሩ ግን አልቀረም። ለሠርግ ለለቅሶ ስጠራ ሴቶቹ በፍቅር ከማሰሮው ዞር አድርገው ሽንኩርት መላጥ ይሰጡኝ ነበር። ዘመኑም ተለወጠ፤ ንጉሡም ሄዱ፤ መሬቱም እጅ ለወጠ፤ እኛም ዲላ ከተማ ገባን። ሽንኩርቴን ግን እላጥ ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ ያን ጎደሬ ከገበያዋ ሴት ገዝቼ ቤት ይዤ ገባሁ። ሳሮን፣ የልጄ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ እኛ ጋ ነበረች፤ «አያቴ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ሼፏ፣ አንቺ ቁጭ በይ» አለችኝ። ጣደችው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጅ እጇን አየኋት። ሊበስል ሲል ጓደኞቿ ደወሉ፤ ልንመጣ ነው አሉ። «ያንሳል፤ ቆይ ልጨምርበት» ብላ ጥሬውን አነሳች። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ በረንዳ ላይ ጋቢውን ለብሶ የተቀመጠው በቀለ ጮኸ።

«ተይ! ከመሐል አትጨምሪበት! የፊተኛው ሲበስል የኋለኛው ጥሬ ይቀራል፣ ሰው ይጨርሳል!»

እድሜውን ሙሉ ማጀት ገብቶ አያውቅም። ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርት አይለይም። ውኃ ሲፈላ አይቶ «ይህ ምንድን ነው የሚንጫጫው?» የሚል ሰው ነው። ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«በቀለ» አልኩት። በስሙ ከጠራሁት ቆይቷል። «ይህን ማን ነገረህ?»

«የትኛውን?»

«ከመሐል የተጨመረ ጥሬ እንደሚቀር።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል...»

«ወንድ አያውቅም። ማን ነገረህ?»

ሳሮን ጥሬውን ጎደሬ በእጇ እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ በቀለ ወለሉን እያየ ተናገረ። ያን ቀን እማማ «ዛሬ ልንዋረድ ነው» ሲሉ ሰምቷል። እኔ ጓሮ ወጥቻለሁ። ጅረቱ ዳር ሮጦ ቅርብ ያገኘውን ነቀለ፤ በጎርፉ አጠበው፤ በገጀራ ፈለጠው፤ በጓሮ በር ገብቶ ክዳኑን አነሳና ጨመረው፤ ፍልጡንም ወደ ውስጥ ገፋ።

«እንዳታፍሪ ብዬ ነው» አለ። «እንደ ድንች ቶሎ የሚበስል መስሎኝ። እጄ ሲያሳክከኝ ሰነበተ፤ ጋቢ ውስጥ ደበቅሁት። አንቺ ብርድ መስሎሽ ቅቤ ቀባሽኝ።»

አልጮህኩም። ሳሮን ስልኳን እንድታወጣ ነገርኳትና ወደ አየለች አስደወልኳት፤ ዛሬ ዓይኗ አያይም፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ሁሉም በሚሰማው አድርጊው አልኳት። በቀለ ያንኑ ከመጀመሪያው ደገመው።

«ስንት ዓመት በጎን ስታዪኝ የኖርሽው ለዚህ ነዋ!» አለች አየለች።

«በስምሽ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አልተናገርሽም። ታዪኝ ግን ነበር» አለችና፣ ድምፅዋን ወደ እሱ መልሳ፣ «አንተ ክዳን አንሺ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሳሮን ሳቀች፤ ወዲያው ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። እኔ ወንበር ስቤ በቀለ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ማን እንዳደረገው ስፈልግ ኖሬአለሁ፤ አሁን አወቅሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ።

«ያን ቀን ፈራህ፤ ይሁን» አልኩት። «ወጣት ነበርክ፤ አባትህ ሊሞቱ ነበር። ከዚያ ግን አባትህ አለፉ፣ እናትህ አለፉ፣ የሚስቅብህ ሰው አለቀ። ወንዶች የልጅ ልጆችህ እንኳ ዛሬ ራሳቸው ያበስላሉ። ልጄ እንደ ድመት ቆመሽ ስትለኝ አጠገቤ ተቀምጠህ ትበላ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። በቀለ እጆቹን ከጋቢው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።

«በየክረምቱ፣ ስታለቅስ እነግራታለሁ እል ነበር» አለ። «አላለቀስሽም። ቆመሽ ትቀምሺያለሽ፣ ሳህኑን ታነሺያለሽ፣ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ቻልሽው። ስትችይው ሳይ፣ ምንም ያልሆንሽ መሰለኝና ተውኩት።»